ወደ አውሮፓ ለሥራ ስለ መሄድ፤ ሕጉ ምን ይላል?

ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ ተማሪ በተሰበሰበበት ሻይ ቤት ሁሉ የሚነሣው ነገር አንድ ሆኗል፤ ይኸውም ወደ አውሮፓ ሄዶ በሙያ መሥራት ነው። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ከሚናገረው ቴሌግራፍ ነው ይባላል፤ የዛሬውም ወሬ እንዲሁ ያለ ሽቦ ይዞራል። አንዱ «ዲግሪ ካለህ ይበቃል» ይላል። ሌላው «ገንዘብ ከከፈልህ ፈቃዱን የሚያወጣልህ ደላላ አለ» ይላል። የፊተኛው ነገር ግማሽ እውነት ነው፤ የኋለኛው ግን የብዙ ቤተ ሰብ ጥሪት የሚበላ ነውና ሕጉን ራሱን ብንመለከት ይሻላል። (ካልገለጥሁ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ከቤተ አምሐራ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ከተማ የገቡት መስፍኑ ኤርንስት ስለ ጠሯቸው ነው፤ በዚያም ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በግዕዝና በአማርኛ ላይ ሠርተዋል። ሙያ ነበራቸው፤ ጠሪም ነበራቸው። የዛሬው ሕግ ወረቀቱ ቢበዛም መሠረቱ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

የአውሮፓ ኅብረት ለተማረ የውጭ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ሰማያዊ ካርድ ይባላል። በ2009 ተደነገገ፤ በ2021 ደግሞ በአዲስ መመሪያ ተተካ። ከኅብረቱ አገሮች ዴንማርክና አየርላንድ አይገቡበትም። አመልካቹ ቢያንስ የስድስት ወር የሥራ ውል ወይም ቁርጥ ያለ የቅጥር ተስፋ ማቅረብ አለበት፤ በቀድሞው ሕግ አንድ ዓመት ነበር። ቢያንስ ሦስት ዓመት የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃም ይጠየቃል፤ ነገር ግን በኮምፒዩተር ሙያ ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው የሥራ ልምዱ በዲግሪ ፈንታ ሊቈጠርለት ይችላል። ደመወዙም መንግሥቱ ከወሰነው ወለል ማነስ የለበትም። በጀርመን የ2025 ወለል በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር፤ ከተመረቀ ሦስት ዓመት ላልሞላው ግን 43,759.80 ዩሮ። (ይህን በብር መንዝሮ የሚደነግጥ ወዳጄ ግብሩን፣ መድኑንና የቤት ኪራዩን መቀነስ እንዳይረሳ።)

እንግዲህ ውል የሌለው ሰው ለሰማያዊ ካርድ ማመልከት አይችልም። አሠሪ ሳይኖር «ፈቃድ አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው የሌለውን ዕቃ ይሸጣል።

ዲግሪው ራሱ መመዘን አለበት። ጀርመኖች አናቢን የሚባል መዝገብ አላቸው፤ የየአገሩ ዩኒቨርሲቲና ዲግሪ እዚያ ይፈለጋል። ካልተገኘ ቦን ከተማ ያለው መሥሪያ ቤት መርምሮ ምስክር ይሰጣል። ሥራውም ለትምህርቱ የሚመጥን መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ የእኛ ፋኩልቲ ልጆች ቆም ብለን እናስብ። ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ግን የሚቀጥረው ማግኘቱ ነው ጭንቁ።

የሐኪም ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ፈላጊ ሞልቷል፣ በሩ ግን ጠባብ ነው። በጀርመን የሕክምና ፈቃድ ማውጣት፣ ጀርመንኛንም በመካከለኛ ደረጃ፣ የሕክምናውን ቋንቋ ደግሞ ከዚያ ከፍ ባለ ደረጃ ማወቅ አለበት። ብዙዎች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው ደንብ ባለሙያ ከጎደላቸው አገሮች ሠራተኛ እየመለመሉ መውሰድን አይደግፍም። የጀርመን ሕግም ኢትዮጵያን ጨምሮ ከነዚህ አገሮች የጤና ባለሙያ መመልመልን ለመንግሥቱ የሥራ ቢሮ ብቻ ሰጥቶ ለግል ደላላ ከልክሏል። ነርሷ በራሷ ብታመለክት መብቷ ነው፤ «ለጀርመን ሆስፒታል እመለምላለሁ» የሚላት የግል ደላላ ግን የዚያኑ አገር ሕግ ይጥሳል። በግንቦት 2017 በእኛ አቆጣጠር የጤና ባለሙያዎቻችን በደመወዝ ምክንያት ሥራ አቁመው እንደ ነበር ለሚያስታውስ፣ መሄድ የሚሹትን መውቀስ ቀላል አይደለም፤ እኔም አልወቅስም።

ውል ሳይዙ ሥራ ለመፈለግ የሚያስገባ መንገድም ጀርመን ከሰኔ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከፍታለች፤ የዕድል ካርድ ይሉታል። በዕድሜ፣ በቋንቋ፣ በልምድና በመሳሰለው ስድስት ነጥብ ማግኘት፣ ለአንድ ዓመት ኑሮ የሚበቃ ገንዘብም ማሳየት ያስፈልጋል። ገንዘቡ ነው ብዙዎቻችንን የሚያስቀረን።

ሚያዝያ 29 ቀን 2024 የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ቪዛ ላይ የወሰነው ማጥበቂያ፣ ማለት መልሱ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን የተራዘመበት፣ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ እንጂ ለሥራ ቪዛ አልነበረም። ሁለቱን እያደባለቁ ተስፋ የቈረጡ አሉ።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ክፋት ነው ለሚል፣ የራሳችንን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 176 ይመልከት። የውጭ ሰው ያለ ፈቃድ እዚህ አይቀጠርም፤ ፈቃዱ ለተወሰነ ሥራ ለሦስት ዓመት ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል፤ ሚኒስቴሩ ሰውየው ለሥራው አያስፈልግም ካለ ሊሰርዝበት ይችላል። ሰማያዊ ካርድ የያዘ ሰው ግን ሥራው ቢቋረጥ ሌላ እስኪያገኝ ቢያንስ ሦስት ወር፣ ካርዱን ከያዘ ሁለት ዓመት ካለፈው ስድስት ወር ይታገሡታል።