ጆርጅ ላንስበሪና የፖፕላር ግብር

ጆርጅ ላንስበሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ተወለደ። በምሥራቅ ሎንዶን በሠራተኞች ሰፈር አድጎ የምርጫ ቅስቀሳን ሥራ ተማረ፤ በ1889 ዓ.ም. የጄን ኮብደንን የምርጫ ዘመቻ መርቶ ለሎንዶን ምክር ቤት እንድትመረጥ አደረገ።

በ1919 ዓ.ም. ላንስበሪ የፖፕላር ወረዳ ከንቲባ ሆነ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ወረዳ ድኾቹን የሚረዳው ከገዛ ነዋሪዎቹ በሚሰበስበው ግብር ነበር። ስለዚህ ሥራ ያጣ ሰው የበዛበት ድኻ ወረዳ ከሀብታሙ ወረዳ ይልቅ ከባድ ግብር ይከፍል ነበር። በ1921 ዓ.ም. ላንስበሪና ጓደኞቹ፥ ለሎንዶን ምክር ቤት የሚተላለፈውን ግብር አንሰበስብም አሉ። የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ስላልፈጸሙ 30 የወረዳው ምክር ቤት አባሎች ታሰሩ። በወህኒ ቤትም ሳሉ ስብሰባቸውን አላቋረጡም። ስድስት ሳምንት ያህል ታስረው ተፈቱ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግም ሀብታሞቹ ወረዳዎች የድኾቹን ሸክም እንዲካፈሉ አደረገ።

ላንስበሪ በኋላ የሌበር ፓርቲ መሪ ሆነ። ነገር ግን ጦርነትን ፈጽሞ የሚጠላ ስለ ነበር፥ በ1935 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ልትወር ስትነሣ ማዕቀብ እንዲጣልባት አልደገፈም። ፓርቲው ሐሳቡን ስላልተቀበለው ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1940 ዓ.ም. ሞተ።

ተማሪዎች ሆይ! ሰው ላመነበት ነገር መጽናቱ ያስመሰግነዋል፤ ያመነበት ነገር ትክክል መሆኑን ግን ጽናቱ ብቻ አያረጋግጥም። ሁለቱን ሥራዎቹን በአንድ ሚዛን መዝናችሁ ፍረዱ።