ኤስኤስዲ ልትገዛ ስትነሣ፦ ምክር ለወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ቤትህ ውስጥ ኮምፒውተር ልትገጣጥም አስበህ የላክህልኝን የዕቃ ዝርዝር አየሁት። ፕሮሰሰሩም ራሙም ደህና ነው። ዲስኩ ላይ ስትደርስ ግን «በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት» የሚለው ጽሑፍ ልብህን እንደሰረቀው ገባኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ የቢሮና የተማሪ ኮምፒውተር ስፈታና ስገጥም ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። የምነግርህ ለዚህ አገር የሚሆነውን ነው፦ መብራት ሳይናገር ለሚሄድበት፣ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ለምትርቅበት፣ የተበላሸ ዕቃ ለማስቀየር የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ለሚጠይቅበት። እንዲህ ባለ ቦታ ገንዘብህን ከፍጥነቱ ይልቅ በዕቃው እውነተኛነትና በስፋቱ ላይ ብታውለው ይሻልሃል።

1. ኤስኤስዲ መግዛቱ ላይ አታመንታ።

በድሮው ሀርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ከላዩ ወዲያና ወዲህ የምትል አንዲት የንባብ ክንድ አለች። ዊንዶውስ ሲነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ከየቦታው ይፈልጋል፤ ያቺ ክንድ ደግሞ በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ብትሮጥ ነው። ኮምፒውተሩን ከፍተህ ቡና እስኪፈላ የምትጠብቀው ለዚህ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ሆዱ ውስጥ ያለው ናንድ ፍላሽ የሚባለው ቺፕ ሲሆን፣ የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው ለዓለም ያስተዋወቁት። ዛሬ ርካሹ እንኳ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ ይመልሳል። «አሮጌ ነው» ተብሎ የተጣለ ኮር አይ ስሪ ማሽን ኤስኤስዲ ሲገባለት ባለቤቱ ሌላ ኮምፒውተር የተሰጠው ይመስለዋል።

ለእኛ ደጋ ሌላም ነገር አለ። የሀርድ ዲስኩ ክንድ ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ላይ ነው፤ አምራቾቹም ባብዛኛው እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ ነው ዋስ የሚሆኑት። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አያሰጋትም። ወደ ጮቄ ወገብ ላለ ትምህርት ቤት ማሽን የምትልክ ከሆነ ግን ይህን አስብበት።

2. ሱቅ ከመሄድህ በፊት የማሽንህን ሆድ ክፈት።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ታገኛለህ። አንደኛው እንደ ላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ ያለ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፤ በሳታ ገመድ ይገጠማል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኤም ዶት ቱ የሚባሉት ቀጫጭን ካርዶች ናቸው፤ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ባብዛኛው 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላቸው። መልካቸው አንድ ይምሰል እንጂ አንዱ በሳታ፣ ሌላው በኤንቪኤምኢ ነው የሚሠራው። የወርቅማ ጥርሱን አስተውል፤ ሁለት ቦታ የተቆረጠው ባብዛኛው ሳታ ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ የተቆረጠው ኤንቪኤምኢ ነው። የማዘርቦርድህ ማስገቢያ አንዱን ብቻ ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ የማዘርቦርዱን ሞዴል ቁጥር በስልክህ ፎቶ አንሥተህ ያዝ።

አብዛኛው ልጅ ከአዲስ አበባ የሚያመጣው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010ና የእሱ ዘመን እኩዮች ኤም ዶት ቱ ማስገቢያ የላቸውም። በአስማሚ ካርድ ኤንቪኤምኢ ብትሰካባቸው እንኳ ዊንዶውስ ከሱ አይነሣልህም፤ ባዮሳቸው አያውቀውም። ለእነዚህ ሳጥኑን ሳታ ግዛና ተገላገል።

3. ለማትሰማው ፍጥነት አትክፈል።

ሳታ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ 3,500፣ አራተኛው 7,000 ይደርሳል። ወረቀት ላይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ዎርድ ሲከፈት ወይም ክሮም ሲጫን ግን ልዩነቱን በዓይንህ ለመያዝ ትቸገራለህ። የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ትልልቅ ፋይል ቀኑን ሙሉ ታመላልሳለህና ጥቅሙን ታየዋለህ። ማዘርቦርድህ ኤንቪኤምኢ ከተቀበለና ዋጋቸው ከተቀራረበም ኤንቪኤምኢውን ውሰድ። ተጨማሪ ገንዘብ አታውጣበት ነው የምልህ።

4. ስፋቱ 480 ወይም 500 ጊጋባይት ይሁን።

128ቱን እርሳው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ብቻ ቢያንስ የ64 ጊጋባይት ዲስክ ይጠይቃል፤ ዝመናው፣ ኦፊሱ፣ ከቴሌግራም የሚወርደው ሁሉ ሲጨመር በጥቂት ወራት ቀይ መስመር ውስጥ ትገባለህ። ርካሽ ኤስኤስዲ ደግሞ ሲሞላ ይንቀራፈፋል፤ በፍጥነት የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ስለሚያጣ ነው። እጅህ አጭር ከሆነ 240ም ይበቃል፤ ፊልሙንና ፎቶውን በአሮጌው ሀርድ ዲስክ ላይ ካስቀመጥክ። ሁለቱን ባንድ ሳጥን አብረህ መግጠም ትችላለህ፣ ዴስክቶፕ ለዚህ ደግ ነው።

240ውን ገጥመህ ዊንዶውስ 223 ብሎ ቢያሳይህ ከሻጩ ጋር አትጣላ። አምራቹ በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024 ይቆጥራል። 500ው 465፣ 1 ቴራባይቱ 931 ሆኖ ነው የሚታየው።

5. ሆዱ ውስጥ ያለውን ጠይቅ፤ ስሙ ብቻ አይበቃም።

ቲኤልሲ የሚባለው ባንድ ህዋስ 3 ቢት፣ ኪውኤልሲ 4 ቢት ያስቀምጣል። ኪውኤልሲ ርካሽ ነው፤ ግን ረጅም ፋይል ስትገለብጥበት ፈጣኑ ጊዜያዊ ማከማቻው ሲያልቅ ፍጥነቱ ወደ ሀርድ ዲስክ ሊወርድ ይችላል። የምትችል ከሆነ ቲኤልሲ ፈልግ። እንደ ሳምሰንግ 870 ኢቮና ክሩሻል ኤምኤክስ500 ያሉት ዲራም የሚባል የራሳቸው ፈጣን ሚሞሪ አላቸው፤ እንደ ኪንግስተን ኤ400ና ክሩሻል ቢኤክስ500 ያሉት የላቸውም። ለዎርድና ለትምህርት የኋለኞቹም ያገለግሉሃል።

«ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚሉህን ብዙ አትስማ። ለ240 ጊጋባይቱ ኤ400 ኪንግስተን የሰጠው የመጻፍ አቅም 80 ቴራባይት ነው። በየቀኑ 20 ጊጋባይት ብትጽፍበት 11 ዓመት ገደማ ማለት ነው። አንተ በቀን ያን ያህል አትጽፍም። ዲስክህን ከእርጅናው ቀድሞ የሚያጠፋው መብራቱ ነው፤ እሱን ኋላ አመጣዋለሁ።

ታዋቂ ስምም ዓይንን ማስጨፈን የለበትም። ኪንግስተን ቪ300 በሚል ስም ይሸጠው የነበረውን ዲስክ ሙገሳ ካገኘ በኋላ በዝቅተኛ ፍላሽ ለውጦት ነበር። ክሩሻል ፒ2ም እንዲሁ በቲኤልሲ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በኪውኤልሲ ሲሸጥ ተገኝቷል። ስለዚህ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ውዳሴ ዛሬ እጅህ ላይ ስላለው ዕቃ ላይሆን ይችላል።

6. ሳትፈትን አትክፈል፤ ካልሆነልህም የመመለሻ ቀን ሳታስጽፍ አትውጣ።

ዋናው ምክሬ ይህ ነው። ሌላውን ብትረሳ ይህን ያዝ።

በጣም በርካሽ «8 ቴራባይት»፣ «16 ቴራባይት» እየተባለ የሚሸጥ ተሰኪ ኤስኤስዲ አይተህ ይሆናል። ሲከፈት ውስጡ ብዙ ጊዜ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ነው። ለኮምፒውተሩ ውሸት እንዲናገር ተደርጎ ተሠርቷል፤ ቦታው ሲያልቅ ዝም ብሎ በቀድሞው ላይ ይደርባል። የፋይሎችህ ስም ተደርድሮ ይታይሃል፣ ስትከፍታቸው ግን አይከፈቱም። ክብደቱን መዝነህ ለመለየት አትሞክር፤ እውነተኛው ሳጥንም ሲከፈት ባብዛኛው ባዶ ነው፣ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቦርድ ብቻ ናት ያለችው። የታሸገ መሆኑም ምስክር አይሆንም፣ ላስቲክና ማሸጊያ ማንም ያገኛል።

ስለዚህ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽህ ላይ ጭነህ ሂድ። ባለሱቁ ኮምፒውተር ላይ ዲስኩን አሰካና ሦስት መስመር አንብብ፦ የጤንነት መቶኛ፣ የሠራበት ሰዓትና የተከፈተበት ብዛት። አዲስ ከሆነ ጤንነቱ 100 ነው፣ ሰዓቱም ዜሮ ወይም ጥቂት ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ካየህ ከአንድ ቢሮ ማሽን ተነቅሎ የመጣ ነው። ያገለገለ መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በአዲስ ዋጋ መሸጡ ነው ጥፋቱ። ሰዓቱን ወደ ዜሮ የሚመልሱ ብልጣ ብልጦችም ስላሉ በዚህ ብቻ አትርካ።

ቤትህ ስትገባ፣ ዊንዶውስ ሳትጭንበት፣ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባለውን የጀርመኖች ፕሮግራም ልቀቅበት። ሊኑክስ የምትጠቀም ከሆነ ኤፍ ስሪ አለልህ። ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጽፈዋል፣ ከዚያ መልሶ አንብቦ ከጻፈው ጋር ያመሳክራል። የመጀመሪያውን 10 ጊጋባይት ብቻ ፈትነህ እንዳታቆም። ከቢቸና የመጣ ጤፍ ስትገዛ እጅህን እስከ ጆንያው ሆድ ትሰዳለህ እንጂ አፉ ላይ ያለውን ብቻ አይተህ አትከፍልም፤ የዲስኩም ማታለያ ያለው ወደ መጨረሻው ነው። በሳታ ገመድ ወይም በዩኤስቢ 3 ፈትነው፤ በዩኤስቢ 2 ከሆነ ግማሽ ቀን ይፈጅብሃል።

ፕሮግራሞቹን ዛሬውኑ አውርደህ አስቀምጥ። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አትርሳ።

ይሉኝታ እንዳይዝህ ደግሞ። የእኛ ሰው «ሰውየው ይቀየመኛል» እያለ ዕቃውን ሳያይ ተቀብሎ ይወጣል። ሐቀኛ ነጋዴ ፈተናውን ራሱ ያሳይሃል። የሚቆጣ ከሆነ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ሌላው ሱቅ ግባ።

7. ከማን ትገዛለህ?

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በከተማችን የኮምፒውተር ሱቅ በርክቷል። ዋጋው ከመርካቶ ከፍ ይላል፤ ግን እዚሁ የምታውቀው፣ ነገ ሄደህ የምታገኘው ሰው ነው። ልዩነቱ ደርሶ መልስ ከምታወጣው የመኪና ሒሳብ የማይበልጥ ከሆነ እዚሁ ግዛ። አምራቹ በካርቶኑ ላይ የ3 ወይም የ5 ዓመት ዋስትና ቢጽፍም ለእኔና ለአንተ በተግባር የሚሠራው የባለሱቁ ቃል ነው፤ እሱንም በደረሰኝ ጀርባ ከዲስኩ መለያ ቁጥር ጋር አስጽፈው። በቴሌግራም አይተህ በቴሌብር ቀድመህ ከፍለህ በመኪና አስጭነህ የምትገዛውን ግን አልወድልህም።

የዋጋን ነገር ጓደኛህ አምና በገዛበት አትለካው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከ2018 መግቢያ ወዲህ ደግሞ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት የሚገዛው ሚሞሪ በዓለም ገበያ ዋጋውን ሰቅሎታል፤ ማይክሮን ጭራሽ ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ሸማች መሸጡን እንደሚተው በኅዳር 2018 አስታውቋል። ሁሉም በተወደደበት ጊዜ አንዱ ብቻ በግማሽ ዋጋ ካቀረበልህ ወደ ስድስተኛው ምክሬ ተመለስ።

8. ከዲስኩ ላይ ቆጥበህ ዩፒኤስ ግዛ።

ርካሽ ኤስኤስዲ የሚጽፈውን ነገር መጀመሪያ በጊዜያዊ ቦታ ይይዛል። የትኛው ፋይል የትኛው ህዋስ ውስጥ እንዳለ የሚናገር መዝገብም አለው። በዚያች ቅጽበት መብራት ድርግም ካለ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል፤ በነጋታው ኮምፒውተሩ ዲስኩን ጨርሶ «አላውቀውም» ይልሃል። የትልልቅ ድርጅት ሰርቨር ዲስኮች ለዚህ የሚሆን መጠባበቂያ ካፓሲተር አላቸው፣ የቤት ዲስኮች ባብዛኛው የላቸውም። መብራት ሲጠፋ በባትሪው 10 ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይበቃሃል፤ ሥራህን አስቀምጠህ በወጉ ታጠፋዋለህ። ያገለገለ ዩፒኤስ ከገዛህ እዚያው ፊትህ ከመስመር አስነቅለህ ባትሪውን ሞክረው፤ እየጮኸ ወዲያው የሚጠፋው ጌጥ ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣም አትቸኩል፤ ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ክፈት።

9. የእናትህን ፎቶ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አታኑር።

ሀርድ ዲስክ ሲታመም ብዙ ጊዜ ይንቀጫቀጫል፣ ይዘገያል፣ ያስጠነቅቅሃል። ኤስኤስዲ ግን ትናንት ሠርቶ ዛሬ ጭጭ ሊል ይችላል። በስሕተት የሰረዝከውም አይመለስም፤ ትሪም የሚባለው ሥርዓት የሰረዝከውን ቦታ ወዲያው ያጸዳዋል። ሳይሰካ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም ደግ አይደለም፤ መረጃውን የያዘው ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ለማኅደር አሮጌው ሀርድ ዲስክ ይሻላል፣ ለሥራ ኤስኤስዲው።

10. ስትገጥመው።

ባዮስ ውስጥ ገብተህ የሳታው ሁኔታ ኤኤችሲአይ መሆኑን እይ። ዊንዶውሱን ከአሮጌው ዲስክ ከመገልበጥ አዲስ ጫን፤ የቆየ ቫይረስ አብሮ አይመጣብህም። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ ማሽንህ ከቻለ 11ን ጫንበት፣ ካልቻለ ሊኑክስ ሞክር። የኤስኤስዲው ሳጥን ለዴስክቶፑ ማስቀመጫ ቢያንስብህ በሁለት ብሎን ባንድ በኩል ብቻ እሰረው፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር የለውምና አይጎዳም። አሮጌውን ዲስክ ደግሞ አንድ ወር ሳይሞላ ፎርማት አታድርገው፤ የረሳኸው ፋይል የሚታወስህ ያኔ ነው።