ወንፊቱ ያልለካው፦ የቀደምት የግል ኮምፒውተሮች የፓስካል ኮምፓይለሮች ምዘና

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የግል ኮምፒውተር ኮምፓይለሮችን ለማወዳደር በብዛት ያገለገለው መለኪያ አንድ አጭር ፕሮግራም ነበር። ጂም ጊልብሬዝ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1981 በባይት መጽሔት ያቀረበው ይህ ፕሮግራም በኤራቶስቴንስ ወንፊት ስልት፣ 8191 ቦታ ባለው ድርድር አማካይነት፣ ከ3 እስከ 16383 ካሉት ጎዶሎ ቁጥሮች ብቸኛ ቁጥሮችን ይለያል። ትክክለኛው መልስ 1899 ነው። ሥራው 10 ጊዜ ስለሚደጋገም ጊዜውን በተራ የሩጫ ሰዓት መያዝ ይቻላል።

ፕሮግራሙ በየትኛውም ማሽን ላይ በቀላሉ መሥራቱ ተወዳጅ አድርጎታል። ሆኖም ማባዛትና ማካፈል የለበትም፤ ክፍልፋይ ቁጥር አይነካም፤ ከዲስክም አያነብም። የሚገኘው የሰከንድ ቁጥር የሚናገረው ስለ ሙሉ ቁጥር ድምርና ስለ ድርድር አድራሻ ስሌት ብቻ ነው።

የዚህ ልኬት ጠባብነት ጎልቶ የሚታየው ቦርላንድ በ1983 መገባደጃ በ49.95 ዶላር ለገበያ ባቀረበው ቱርቦ ፓስካል ላይ ነው። አንደርስ ሄይልስበርግ የጻፈው ይህ ኮምፓይለር ምንጩን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀጥታ የማሽን ኮድ ያወጣል፤ ሊንከር አያስፈልገውም። ያወጣው ኮድ እጅግ የተጣራ አልነበረም። ነገር ግን ጽሑፍ ማረሚያውና ኮምፓይለሩ ከ40 ኪሎባይት በማይበልጥ አንድ ፋይል ውስጥ ተጠቃለው በማህደረ ትውስታ ይቀመጣሉ። ስህተት ሲገኝ ኮምፓይለሩ ይቆምና ጠቋሚውን በስህተቱ ቦታ ላይ ያሳርፋል። በተለመደው አሠራር ግን ማረሚያው፣ የኮምፓይለሩ ተከታታይ ደረጃዎችና ሊንከሩ በየተራ ከፍሎፒ ዲስክ ይጫናሉ፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ለማረም እንኳ ይህ ሁሉ ይደገማል። ሠራተኛው በቀን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ሆኖ ሳለ የወንፊቱ ሰንጠረዥ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ የድርድር ወሰን ፍተሻ ነው። ቱርቦ ፓስካል ይህን ፍተሻ ካልታዘዘ በቀር አያከናውንም። ፍተሻው በርቶለት ከሚሠራ ኮምፓይለር ጋር ሲወዳደር ፈጣን መስሎ ቢታይ አያስደንቅም፤ ውድድሩ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ከወሰን ያለፈ መረጃ ጠቋሚ ያለ ማስጠንቀቂያ የሌላን ተለዋዋጭ ይዘት ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ለጀማሪ ተማሪ ይህ ከጥቂት ሰከንዶች ልዩነት የበለጠ ከባድ ጉዳይ ነው (መመዘኛ ሰንጠረዦችም የፍተሻውን ሁኔታ ከጎን ሊያሰፍሩ ይገባ ነበር)።

የፍጥነቱ ዋጋ በሌላ በኩልም ተከፍሏል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅጾች በኤም.ኤስ. ዶስ ላይ የሚወጣው የፕሮግራም ኮድ ያለ ልዩ ዘዴ ከ64 ኪሎባይት መብለጥ አይችልም። የመደበኛው ፓስካል ‹ጌት› እና ‹ፑት› ትእዛዞች የሉም፤ ንዑስ ፕሮግራምን ለሌላ ንዑስ ፕሮግራም እንደ ግብአት ማስተላለፍም አይፈቀድም። በእነዚህ የተመሠረተ ፕሮግራም ከሌላ ማሽን ሲመጣ እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። ወንፊቱ ግን ከእነዚህ አንዱንም ስለማይጠቀም ያለ ችግር ያልፋል።