ትምህርት፦ የመሬት ፕላንና የባለይዞታው ቃል



ከአየር ጤና ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ዓለም ገናና ወደ ሰበታ የሚጓዝ ሰው፣ አዲስ አበባ የት ላይ አልቃ የኦሮሚያ ክልል የት ላይ እንደሚጀምር በዓይኑ ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። ቤቱ ከቤት፣ ሱቁ ከሱቅ ተያይዞ ይሄዳል። ያ ሁሉ መሬት እርሻ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከእኛም መካከል ብዙዎቻችን ቤት የሠራነው በዚያው ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የምናጠናው ጉዳይ፣ ይኸውም የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሲወጣ በመንግሥትና በነባር ባለይዞታዎች መካከል ሊደረግ የሚገባው ድርድር፣ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ አይደለም።

ጥናታችንን ከቅዱስ መጽሐፍ እንጀምር። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ የማያውቅ ካቴኪስት የለም። ይሁን እንጂ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኤልዛቤል ክፋት እንቸኩላለንና የንጉሡን የመጀመሪያ ንግግር ሳናስተውለው እናልፋለን። አክዓብ ናቡቴን የጠየቀው በማስፈራራት አልነበረም፤ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የወይን ቦታ ቢለቅለት ከዚያ የተሻለ ቦታ፣ ካልሆነም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው ነበር። ዛሬ በመሥሪያ ቤቶቻችን «ምትክ ቦታ ወይም ካሳ» የሚባለው ይኸው ነው። ናቡቴ ግን መሬቱ የአባቶቹ ርስት መሆኑን ጠቅሶ አልሰጥም አለ። ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ንጉሡ የተዘጋጀው «እሺ» የሚለውን መልስ ለመስማት ብቻ ነበርና «እምቢ» ሲባል አኩርፎ ተኛ፤ እህልም አልቀመሰም። የሐሰቱ ደብዳቤና ማኅተሙ የመጡት ከዚያ ኩርፊያ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፤ በዚያው አንቀጽ ግን አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ገለጸ። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች አንድ ላይ ማንበብ ይገባል። መሬት በሚሸጥበት አገር ባለይዞታው በዋጋ ይከራከራል፤ በእኛ አገር ግን ገበያ ስለሌለው በእጁ የሚቀረው የመከራከሪያ ኃይል ቃሉ ብቻ ነው። ቃሉ ካልተሰማ ምንም አልቀረለትም ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው አዝዞ ነበር። አሥር ዓመት ለአንድ አባት ረጅም ይመስል ይሆናል፤ ለልጅ ልጁ ግን ምንም አይደለም።

የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ልዩ ዞኑ በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ቀጥሎም ከተማይቱንና ዞኑን በአንድነት የሚያቅድ ጽሕፈት ቤት ሥራ ጀመረ። አብሮ ማቀድ በራሱ ስሕተት ነበር አንልም። አዲስ አበባ የምትጠጣው የገፈርሳና የለገዳዲ ውኃ ከክልሉ መሬት የሚመጣ ነው፤ የከተማይቱም ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ ወደ ክልሉ ገበሬዎች ይወርዳል፤ ወንዝ ወሰን አያውቅም። ሆኖም መሬታቸው በካርታው ላይ ቀለም የተቀባባቸው ብዙ ገበሬዎች ነገሩን የሰሙት ረቂቁ ካለቀ በኋላ ነው። በሚያዝያና በግንቦት 2006 ዓ.ም. በአምቦና በሌሎች ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የጀመረው ተቃውሞ መላ ክልሉን አዳረሰ፤ በጥር ወር ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። በብዙ ባለሙያዎች ድካም የተዘጋጀ ሥራ፣ ከሁሉም በላይ የማይመለስ የሰው ነፍስ፣ በከንቱ ጠፋ።

ለእኛ ለአየር ጤና ነዋሪዎች ከዚህ ይልቅ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በረጲ የሚገኘው፣ ሁላችን «ቆሼ» የምንለው የቆሻሻ መጣያ ከ50 ዓመት በላይ የከተማይቱን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሮ ከአቅሙ በላይ ሞላ። በእርሱ ፈንታ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በሰንዳፋ አዲስ መጣያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው እንዳስመረራቸውና ውኃቸው እንደተበከለ ገልጠው ተቃወሙ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ መጣያው ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ በነበሩ ቤቶች ላይ ወረደ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አደጋው ከሰንዳፋ መዘጋት ብቻ መጣ አንልም፤ የተከመረው የብዙ ዓመት ቆሻሻ ነበርና። የሰንዳፋንም ገበሬዎች ልንወቅስ አይገባንም፤ እኛ ሽታውን ካልወደድነው እነርሱ ለምን ይውደዱት? ነገር ግን ከእነርሱ ጋር የሚደረገው ስምምነት ከግንባታው በፊት በጊዜና በቅን ልብ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ መኪናዎቹ ወደ ረጲ ባልተመለሱም ነበር። ለነገሩ፣ በሁለቱም ስፍራ የተጎዱት ድሆች ናቸው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ ዝም አላለችም። የፍትሕና የሰላም ጳጳሳዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ መሬት ክፍፍል ባወጣው ሰነድ የነባር ሕዝቦችን መሬት መንጠቅን ነቅፏል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ታላላቅ ፕሮጀክቶች የነባር ማኅበረሰቦችን መሬት በሚነኩበት ጊዜ ዋነኞቹ ተነጋጋሪዎች እነርሱ ራሳቸው እንዲሆኑ አስተምረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የ2007 መግለጫም ፈቃዳቸው በነጻነት፣ በቅድሚያና በእውቀት የተሰጠ እንዲሆን ይጠይቃል። ከሦስቱ «በቅድሚያ» የሚለው በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታዎች መሬታቸውን ከመልቀቃቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲወያዩ አዘዘ፤ የእርሻ ካሳውንም ከፍ አደረገ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአንዳንድ አንቀጾቹ ተሻሽሏል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ የወሰን ስምምነት ተፈራረሙ፤ በ2015 ዓ.ም. ክልሉ ሰበታንና ሌሎቹን በዙሪያችን ያሉ ከተሞች አጠቃሎ ሸገር ከተማን መሠረተ። እንግዲህ አሁን ፕላን የሚነድፉልን ሁለት ከተሞች ናቸው፤ ገበሬው ግን ያው ገበሬ ነው።

ካቴኪስቶች ይህን ትምህርት በቡድን ስታስጠኑ፣ አስቀድማችሁ የናቡቴን ምዕራፍ በሙሉ አስነብቡ። ከዚያም ተሳታፊዎችን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ አክዓብ «እምቢ» ሲባል ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? በቀበሌያችን ወይም በወረዳችን ስለ ፕላን ስብሰባ ሲጠራ እንሄዳለን ወይስ ለሌሎች እንተዋለን? በመጨረሻም፦ የምንኖርበት ቤት የተሠራበት ማሳ የማን ነበር? ያ ቤተሰብ ዛሬ የት ይገኛል?