ቅሬታን ወደ ሂስ መለወጥ

ብዙዎች የሚያወድሱትን መጽሐፍ በጉጉት ጀምራችሁ፣ ከመካከሉ ሳትደርሱ ተሰላችታችሁ ታውቃላችሁን? እንዲህ ያለው ስሜት አያሳፍርም። ይሁን እንጂ ስሜት ብቻውን ሂስ አይባልም። ሂስ የሚሆነው አንባቢው የተሰማውን ከነምክንያቱና ከነማስረጃው ሲያቀርብ ነው።

ለምሳሌ ጣሊያናዊው ደራሲ ኡምቤርቶ ኤኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመውን «የጽጌረዳዋ ስም» የተሰኘውን ልብ ወለድ እንውሰድ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል፤ እ.ኤ.አ. በ1986ም በፊልም ቀርቧል። የታሪኩ መቼት እ.ኤ.አ. በ1327 በሰሜን ጣሊያን ተራራ ላይ የሚገኝ ገዳም ነው። በዚያ መነኮሳት አንድ በአንድ ሞተው ይገኛሉ። ዊልያም የተባለው አስተዋይ መነኩሴ ከወጣቱ ረድእ ከአድሶ ጋር ሆኖ ምስጢሩን ይመረምራል። ታሪኩ ሰባት ቀን ይፈጃል፤ እያንዳንዱም ቀን በጸሎት ሰዓቶች የተከፋፈለ ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ለምሳሌ የተዘጋጁትን ሁለት አንቀጾች በጥሞና አንብባችሁ አነጻጽሩ።

ሀ) «ይህ መጽሐፍ በጣም ረጅም ነው። እኔን አሰልችቶኛል። ሰው ሁሉ ለምን እንደሚያደንቀው አይገባኝም። ባላነበው ይሻለኝ ነበር።»

ለ) «የጽጌረዳዋ ስም የግድያውን ምስጢር በሐተታ ብዛት ያደበዘዘ ልብ ወለድ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የተቀረጹት ምስሎች መግለጫ ብቻውን ገጾች ይወስዳል። መነኮሳቱ ክርስቶስ ንብረት ነበረው ወይስ አልነበረውም እያሉ ሲከራከሩ የገዳዩ ፍለጋ ይቋረጣል። ምንም እንኳ ክርክሩ ስለ ዘመኑ ብዙ ቢያስተምረኝም፣ የሞቱትን መነኮሳት እስክረሳ ድረስ ረዝሞብኛል።»

የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ መጽሐፉ ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ስለ አንባቢው ብቻ ነው። ለማንኛውም ረጅም መጽሐፍ ቢጠቀስ ይስማማል። ሁለተኛው ግን በኃይለ ቃል ይጀምራል፤ ሁለት ማስረጃዎችን ይሰጣል፤ በመጨረሻም የመጽሐፉን በጎ ጎን ሳይክድ ቅሬታውን ይገልጻል። ይህን ያስቻለው «ምንም እንኳ … ቢ…ም» የተባለው አገባብ መሆኑን ልብ በሉ። አገባቡ አንዱን ሐሳብ ተቀብለን ሌላውን እንድናጠብቅ ያደርገናል።

ሆኖም ሁለተኛውም አንቀጽ ገና አልተሟላም። ዳኛ የተከሳሹን ቃል ሳይሰማ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ ሃያሲም የደራሲውን ዓላማ ሳይመረምር አይፈርድም። ኤኮ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለዚሁ ልብ ወለድ ባሳተመው ማብራሪያ፣ ወዳጆቹና አሳታሚዎቹ የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች እንዲያሳጥር መክረውት እንቢ ማለቱን ገልጿል። ወደ ገዳሙ መግባት የሚፈልግ አንባቢ የገዳሙን የዝግታ ኑሮ መልመድ አለበት፤ ተራራ የሚወጣም ሰው አተነፋፈሱን ከአቀበቱ ጋር ያስማማል ብሎ ያምን ነበር። እንግዲህ ርዝመቱ በቸልተኝነት የመጣ አይደለም።

ታዲያ ደራሲው ሆነ ብሎ ስላደረገው ቅሬታችሁን ትተዉታላችሁን? አትተዉትም። ማቀድ ሌላ፣ ማሳካት ሌላ ነው። የሚለወጠው ጥያቄያችሁ ነው። «ለምን ረዘመ?» ማለታችሁ ይቀርና «ርዝመቱ ደራሲው ያሰበውን አስገኝቶልኛልን?» ትላላችሁ። ለዚህ ጥያቄ ሁለት አንባቢዎች የተለያየ መልስ ቢሰጡም፣ ሁለቱም ማስረጃ ካቀረቡ ሁለቱም ሃያስያን ናቸው። መጽሐፉ ዝነኛ ነው ብላችሁ ያልተሰማችሁን አድናቆት አትጻፉ፤ ዝነኛ ስለሆነም ብቻ አታጥላሉት።

ሂስ ስትጽፉ የሚከተሉትን አስታውሱ።

1. ታሪኩ የት ላይ እንደተጓተተ ለይታችሁ አመልክቱ።
2. መጽሐፉን ካልጨረሳችሁ የት ላይ እንዳቆማችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ባላነበባችሁት ክፍል ላይ አትፍረዱ።
3. የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ከሆነ የገዳዩን ማንነት አትግለጡ፤ የሌላውን አንባቢ ደስታ ትወስዱበታላችሁና።

መልመጃ

ሀ) ቀጥሎ የተሰጡትን ዐረፍተ ነገሮች «ምንም እንኳ … ቢ…ም» በሚለው አገባብ አያይዙ።
1. መጽሐፉ ረጅም ነው። አላሰለቸኝም።
2. ሴራው የተወሳሰበ ነው። ፍጻሜው አያረካም።

ለ) አንብባችሁ ቅር ስለተሰኛችሁበት አንድ መጽሐፍ ኃይለ ቃል፣ ሁለት ማስረጃዎችና መዝጊያ ዐረፍተ ነገር ያሉት አንድ አንቀጽ ጻፉ። ከዚያም የመጽሐፉን ስም ሸፍናችሁ ለጓደኛችሁ አስነብቡ። አንቀጹ ለሌላ መጽሐፍም የሚስማማ ከሆነ እንደገና ጻፉት።