የቤት ድጎማ ማን ኪስ ይገባል? ሚዛን አማንና ቴፒን እንደ ምሳሌ

«መንግሥት ለቤት ልማት ድጎማ መደበ» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር የቦታና የቤት ገበያው ይነቃቃል። ነጋዴው ግን የብሩን መጠን ከመጠየቁ በፊት ገንዘቡ በምን ላይ እንዳረፈ ቢያጣራ ይጠቀማል። ድጎማ በቤቱ፣ በመሬቱ ወይም በመሠረተ ልማቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ በሦስቱም የሚከብረው ሰው ይለያያል።

በቤቱ ላይ የሚያርፈው ኮንዶሚኒየም ነው። በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር ቤቶቹ ያለ ሊዝ ጨረታ በተገኘ መሬት ላይ ተሠሩ፤ የመንገድና የውኃ ወጪ በመንግሥት ተሸፈነ፤ ፋይናንሱም ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መጣ። በ20/80 ፕሮግራም ገዢው 20 በመቶ ከፍሎ ቀሪውን በብድር ይይዛል። በዚህም ምክንያት የማስተላለፊያው ዋጋ ከገበያው ዋጋ በብዙ ያንሳል፤ ልዩነቱ ዕጣ ለወጣለት ሰው ይሆናል። በ2005 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መመዝገቡ የሚያስደንቅ አይደለም። ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ቢከለከልም ደላሎቻችን «በውክልና» የሚሉት ገበያ የተፈጠረው ከዚሁ ልዩነት ነው። ክልከላው ሳያበቃ በውክልና የሚገዛ ሰው የገዛው ቤቱን ሳይሆን የሻጩን ቃል መሆኑን ልብ ይበል።

ይኸው ፕሮግራም ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ፈላጊ በማነሱ ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአብዛኞቹ ቆመ። በአዲስ አበባ ዕጣ የሚለመንበት ቤት በክልል ለምን ገዢ አጣ? ውድ የሆነው የአዲስ አበባ መሬት ነው፤ መሬት በረከሰበት ከተማ በነፃ መሬት ላይ የተሠራ ፎቅ የሚያስገኘው ቅናሽ ትንሽ ነው። ብረትና ሲሚንቶ ደግሞ ሚዛን እስኪደርስ የጭነት ዋጋ ይጨመርበታል፤ እንጨትና ጭቃ ግን ከደጅ ይገኛል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ በእኔ አስተያየት ዋናው ይኸኛው ነው። የባንክ ዕዳ በየወሩ ይከፈላል፤ ከሸይ ቤንች ወይም ከሸኮ ቡና ይዞ የሚመጣ ገበሬም ሆነ ሰብሳቢው ገንዘብ የሚያየው በለቀማው ወራት ነው። ስለዚህ ቤቱን የሚሠራው በየመኸሩ ነው። በአንዱ ዓመት ቡና ማገርና ቆርቆሮ፣ በከርሞው ልስን፣ ዋጋ ከወደቀ ደግሞ ምንም። እንዲህ ዓይነቱን ሰው የደመወዝተኛ ብድር አይገጥመውም።

በመሬቱ ላይ የሚያርፈው ድጎማ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ይመጣል። በጀት ውስጥ ስለማይታይ ድጎማ ነው ብሎ የሚቆጥረው የለም። ለአብነት ያህል፣ በጨረታ 300 ሺህ ብር የሚያወጣ ቦታ ለማኅበር አባል በ30 ሺህ ብር በምደባ ቢሰጥ ከተማው 270 ሺህ ብር ሰጥቷል ማለት ነው። ቦታውን ሳይሠራ ለመሸጥ የሚያስብ ግን ይጠንቀቅ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚያስተላልፍ ሰው የከፈለውን ሊዝና የሠራውን ግንባታ ዋጋ አግኝቶ ከቦታው የሊዝ ማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ እንዲወስድ ደንግጎ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ ለከተሞች የሚሰጥ የልማት ድጋፍ ነው። በዓለም ባንክ ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. በ19 ከተሞች የተጀመረው ፕሮግራም በ2006 ዓ.ም. ወደ 44፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 117 ከተሞች አድጓል። አሠራሩ ለነጋዴ ግልጽ ነበር፤ ከተማው ዕቅዱን ካላጸደቀና ሒሳቡን ካላስመረመረ ድርሻ አልነበረውም፤ በገቢ አሰባሰቡና በሥራው ጥሩ ነጥብ ካገኘ ድርሻው ያድግ ነበር፤ ከራሱም ማዋጣት ነበረበት። ገንዘቡ ለጌጠኛ ድንጋይ መንገድ፣ ለውኃ መውረጃ፣ ለገበያ ቦታ ይውል ነበር።

እንደ ሚዛን ዝናብ በሚበዛበት አገር አንድ የውኃ መውረጃ ቦይ ለጭቃ ቤቱ መሠረት የሚያደርገው ጥቅም ከርካሽ ኮንዶሚኒየም አያንስም። ባለቤቱ ከፈለገ በገዛ ገንዘቡና በገዛ ጊዜው ይሠራል። ጉዳቱ ተከራዩ ላይ ነው፤ መንገድ ሲደርስ የባለቤቱ ቦታ ይከብራል፣ የተከራዩም ኪራይ አብሮ ይጨምራል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ የክልሉን መቀመጫነት ሲካፈሉ ቤት ፈላጊ ሠራተኛም አብሮ መጥቷል። ለእርሱ የሚበጀው የሚከራይ ክፍል ለሚሠራ ሰው ቦታና መንገድ በቶሎ ማቅረብ ነው።

ቦታ ለመግዛት የምታስቡ አንባቢያን የማዘጋጃ ቤቱን የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ጠይቃችሁ ተመልከቱ። መንገዱ በዕቅድ ውስጥ ካለ በጀት የተያዘበትን ዓመት አረጋግጡ፤ ደላላው «መንገድ ይወጣበታል» ያላችሁ ቦታ በዕቅዱ ከሌለ ዋጋውን በዛሬው ጭቃ ተደራደሩ።