ታዛህ ሥር ቀፎ ስቀል

ልጄ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋይንት ገብቶ፣ መድፉ ደብረ ታቦር ድረስ ከወደቀ ወዲህ ከሰው ርቀሃል። ለቅሶ እንኳ ስትቀር አያለሁ። አይዞህ ማለት ብቻውን ስለማይበቃ፣ የማውቀውን ሥራ ልምከርህ፤ ንብ ማነብ ጀምር።

1. ሕክምናህን አትተው። ንብ ሐኪም አትተካም። እንቅልፍ ካጣህ፣ መኖር ካስጠላህ ዛሬውኑ ለቤተሰብ ተናገርና ሆስፒታል ሂድ። ጠበል ብትገባም የታዘዘልህን ክኒን አታቋርጥ።

2. በአንድ ባህላዊ ቀፎ ጀምር። ዘመናዊው ውድ ነው፣ ዕቃውም ብዙ ነው። ከሸንበቆ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በእበትና በአመድ የተለሰነው ይበቃሃል። በወይራ እጠነውና ነፋስ የማይመታው ታዛ ሥር፣ አፉን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርገህ ስቀለው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና የሚወርደው ብርድ ለንብም ይከብዳል። ጉንዳን እንዳይወጣ በሥሩ አመድ ነስንስ።

3. ቀፎ ስትከፍት አትቸኩል። የእኛ አገር ንብ በቀትር ቁጡ ናት፤ ማምሻውን ክፈት። ሽቶ አትቀባ፣ ጭሱን በቀስታ ስደድ። አንዷ ከነደፈችህ የምትተወው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል፤ ስለዚህ ሳትወራጭ መንደፊያዋን በጥፍርህ ፍቀህ ጣልና ቦታውን አጭሰው። ፊትህ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሩጥ።

ሐሳብህ ወደዚያ ክረምት ሲነጉድ እጅህ ይፈጥናል፣ ንቦቹም ወዲያው ይቆጣሉ። ያኔ ቆም ብለህ ትንፋሽህን ሰብስብ። ሐሳብህና እጅህ አንድ ቦታ የሚውሉበት ሰዓት ይህ ነው፤ እንዳንተ ላለ ሰው ከማሩ ይልቅ ይህን እመርጥለታለሁ። አሜሪካኖችም በ1919 እ.ኤ.አ. ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው ለተመለሱ ወታደሮቻቸው ንብ ማነብን በሙያነት የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ አሳትመው ነበር።

4. ጎረቤቶችህን እወቅ። ንብ ቀሰም ፍለጋ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። በመስከረም አደይ አበባው፣ ማገጡ፣ ባቄላው፣ ወረድ ሲልም ኑጉ፤ የምትውለው በሰው ማሳ ላይ ነው። ባለማሳው አበባ ላይ ፀረ ተባይ ከረጨ ንብህ በሜዳ ትቀራለች። ስለዚህ ደጁ ድረስ ሄደህ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? መድኃኒት የሚረጩት መቼ ነው?» ብለህ ጠይቀው። አበባ ሳይፈነዳ እንዲረጭ፣ ግድ ከሆነም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ እንዲሆን ለምነው። ሰላምታ የተውክበት ቤት ሁሉ በዚህ ሰበብ ይከፈትልሃል። እሱም በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ንብህ ይጠይቅሃል፤ ቡና አፍልተው ቢያስቀምጡህ ተቀመጥ።

5. ኅዳር ላይ ማሩን ብቻህን አትቁረጥ። አንድ የሰፈር አናቢ፣ አንድ ጭስ የሚይዝ ልጅ ጥራ። ሁሉንም አትጥረግ፣ ለበጋው ለራሷ ለንቧ ተውላት፤ አበባ ሲጠፋም በሶና ሽሮ አቅርብላት። ተርባ ጥላህ ከሄደች አትመለስም። ከቆረጥከው መጀመሪያ እዚያው ለቆሙት አቅምስ። ሰፈፉን አንጥረህ ሰሙን ለደብራችን ጧፍ ስጥ፤ ለማኅበሩ ጠጅ ደግሞ ከማሩ ላክ፣ ራስህም ተገኝ።

6. ቀፎው ሲሞላ በመስከረም ወይም በጥቅምት መንጋ ይወጣል። አውራዋን ተከትሎ ቅርንጫፍ ላይ ሲያርፍ በታጠነ ቀፎ ተቀበለው። ያን ሁለተኛ ቀፎ ቤቱን እንደዘጋ ለተቀመጠው ለባልንጀራህ ስጠው። የመጀመሪያውን ዓመት ጭሱን አንተ ያዝለት።